ከዱከም ማዶ የሚታየው የዝቋላ ደን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ናዝሬት የሚወርድ መንገደኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ዱከም ይደርሳል። ዱከም በመንገደኛ ዘንድ የታወቀችው በቍርጥ ሥጋዋ፣ የቀድሞው የድሬዳዋ ባቡር ይቆምበት በነበረው ጣቢያዋ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአጠገቧ በተተከሉት ፋብሪካዎች ነው። መንገደኛው ሥጋውን በልቶ ሒሳቡን ከፍሎ ወደ መኪናው ይመለሳል እንጂ ቀና ብሎ ወደ ደቡብ የሚመለከት ጥቂት ነው። ቀና ብሎ ቢመለከት ግን ከሜዳው መካከል ብቻውን ብድግ ያለ፣ አናቱ በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ትልቅ ተራራ ያያል። ይህ ተራራ ዝቋላ ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን ቢመልስ ደግሞ የረርን ያገኛል፤ ዱከም በሁለቱ ተራሮች መካከል ባለው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት።

ዝቋላን በሩቁ ሲያዩት ሰማያዊ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን ሁለት መልክ ይኖረዋል፤ እግሩና ወገቡ እንደ ሜዳው ገርጥቶ አናቱ ብቻ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ደን ነው። አንባቢን ዛሬ ወደዚያ ይዘን ለመውጣት የተነሣነው ስለ ገዳሙ ጥንታዊነት ብቻ ለመናገር አይደለም፤ በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ዛፉን ቈርጦ ሲጨርስ ይህ ደን እንደ ምን ሊተርፍ ቻለ? ወደ ፊትስ እንደ ምን ይኖራል? የሚለው ጥያቄ ስላሳሰበን ጭምር ነው።

በቅድሚያ ስለ ሜዳው ጥቂት እንበል። የአድአ ሜዳ የጤፍ አገር ነው። መረሬው በክረምት እንደ ማጥ ይይዛል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። ጤፉ ሲያሸት እጅግ ደስ የሚያሰኝ አገር ቢሆንም ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ ግን እዚህና እዚያ ከተበተነው ግራርና በየመንደሩ ከተተከለው ባሕር ዛፍ በቀር አይገኝም። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ወዲህ የቤቱ ማገር፣ የምድጃው እንጨት፣ የከሰሉ ጆንያ ሁሉ ከዙሪያዋ ካለው አገር ሲጋዝ ኖሯል፤ አድአም የድርሻውን ከፍሏል። የቀረውን ማረሻ ጨርሶታል። በዚህ ባለ አገሩ አይወቀስም፤ ልጆቹን የሚያበላው ጤፉ ነውና።

ጕዞው እንዲህ ነው። ከዱከም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ቢሾፍቱ ይደረሳል፤ በቀድሞው ዘመን ደብረ ዘይት ትባል የነበረችው ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚታጠፈውን የአቧራ መንገድ ይዞ በጤፍና በሽምብራ ማሳዎች መካከል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ የተራራው ግርጌ ይገኛል። በግርጌው ያለችው መንደር ወንበር ማርያም ትባላለች። በበጋ ጠንካራ መኪና ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ በእግሩ መውጣት የሚፈልግም ሞልቷል። እኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስንወጣ ከመኪናው ወርደን በእግር መሄዱን መረጥን፤ ምክንያቱም የዝቋላ ነገር የሚገባው ቀስ ብለው ሲወጡ ነው።

ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 2,989 ሜትር ከፍታ አለው። ሜዳው ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ መንገደኛው ከግርጌ እስከ ጫፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚታለፈው ማሳና የከብት ግጦሽ ነው፤ ድንጋዩ ያገጠጠ፣ ቍጥቋጦው በከብት ጥርስ የተከረከመ ዳገት ነው። ይህን ሲጨርሱ በመንገዱ ዳርና ዳር ወይራና ጥድ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ጥቂት ከፍ ሲሉ ጥዱ እየበዛ፣ ጥላው እየከበደ ይሄዳል። ነፋሱ ይለወጣል፤ የሜዳው አቧራ ቀርቶ የጥድ ሽታ ይመጣል። ቅጠሉ በነጭ ሽበት የተሸፈነ ዛፍ፣ ቢጫ አበባ ያወጣ አምጃ፣ ቀጋ፣ ወደ ላይ ደግሞ አስታ ይታያሉ። ዕድል የቀናው ሰው በቅርንጫፎቹ መካከል ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ የሚዘል ጉሬዛ ያያል። እኛ አይተናል፤ እርሱም እኛን በሚገባ ካየን በኋላ ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ።

ከጫፉ ሲደረስ ተራራው ተራራ መሆኑ ይቀርና ጐድጓዳ ሆኖ ይገኛል። ከታች ሲያዩት የተቈረጠ የሚመስለው አናት በውስጡ ሸለቆ አለው፤ የሸለቆው ግድግዳ ደን ለብሷል፤ ከታች ሐይቅ ተኝቷል። ይህም የሆነበት ምክንያት ዝቋላ የጠፋ እሳተ ገሞራ በመሆኑ ነው። የከርሰ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳት ሲተፋ ኖሮ ከበረደ በኋላ አፉ ውሃ ይዞ ቀረ። የሐይቁ ስፋት ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የተራራውን አፍ ጠርዝ ጠርዙን በእግር ለመዞር ግን ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል። ከጠርዙ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ለተመለከተ ሰው፣ ቀኑ ጥርት ያለ እንደ ሆነ፣ በስተሰሜን የረርና እንጦጦ፣ ከሥር የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ በስተደቡብ የሚጠማዘዘው አዋሽ፣ በስተምሥራቅ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ማመንጨት የጀመረው የቆቃ ግድብ ውሃ፣ ከዚያም አልፎ የዝዋይ ሐይቅ ይታዩታል። ፊቱን ወደ ውስጥ ሲመልስ ግን ይህ ሁሉ ዓለም ይጠፋል፤ ዛፍ፣ ውሃ፣ የቤተ ክርስቲያን ጕልላት ብቻ ይቀራል። መነኮሳት ይህን ስፍራ ለምን እንደ መረጡ የሚጠይቅ ሰው ካለ እዚያ ጠርዝ ላይ ለአምስት ደቂቃ ይቁም።

ገዳሙ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ሕዝቡ ባጭሩ አቦ ይላቸዋል። ገድላቸው እንደሚናገረው የተወለዱት በግብፅ አገር ነው፤ አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባላሉ። በቅዱስ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በዝቋላና በምድረ ከብድ ተጋድለዋል፤ ዕድሜያቸውም 562 ዓመት እንደ ነበረ ይተረካል። ልብስ ሳይለብሱ ጠጕራቸው ብቻ ሸፍኗቸው፣ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ተከትለዋቸው በበረሃ ኖሩ ይላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ረጅም ጢም ይዘው፣ አራዊቱን በግራና በቀኝ አሰልፈው የሚታዩት እኚህ አባት ናቸው። በዝቋላም በሐይቁ ውስጥ በራሳቸው ተዘቅዝቀው ለ100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ጸልየዋል ተብሎ ስለሚታመን የሐይቁ ውሃ ጠበል ነው፤ ምእመናን ይጠመቁበታል፣ በዕቃ ቀድተውም ወደየቤታቸው ይወስዱታል።

ይህ የእምነት ነገር ነው፤ እኛም እንደ ሰማነው አቀረብነው። ነገር ግን ከገድሉ ውጭ የሆነም ማስረጃ አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኵሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ የዝቋላ ስም ተጽፎ ይገኛል። ያ ሰው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ወደ ኢጣልያ ከሄዱ የአገራችን መነኮሳትና መንገደኞች እየጠየቀ ጻፈ እንጂ። እንግዲህ እነዚያ አባቶች የሩቅ አገር ሰው ስለ አገራቸው ሲጠይቃቸው ከጠሯቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ተራራ ነበር ማለት ነው። ዱከምም ሆነች ቢሾፍቱ፣ አዲስ አበባ ራሷም በዚያ ዘመን ከተማ አልነበሩም።

ተራራው የክርስቲያኑ ብቻ አለመሆኑንም መግለጽ ይገባል። የኦሮሞ ሕዝብ ጭቋላ ይለዋል፤ በቀድሞው ሥርዓተ አምልኮም የተከበረ ስፍራ ነው። በበዓሉ ቀን በዳገቱ ላይ አማርኛውና ኦሮምኛው ተደባልቆ ይሰማል፤ በአንደኛው ቋንቋ የተጀመረው እልልታ በሌላው ሲቀበሉት እንጂ ሲለዩት አይሰማም። ዓመታዊው በዓል በመጋቢት 5 እና በጥቅምት 5 ቀን ይከበራል። በእነዚህ ቀናት ከአዲስ አበባ፣ ከናዝሬት፣ ከሞጆ፣ ከዱከም የሚጐርፈው ሕዝብ ዳገቱን ነጭ ያደርገዋል። ጧፍ ሻጩ፣ ቆሎ ሻጯ፣ ዱላ የሚያከራየው ልጅ፣ አሮጊት እናቱን በጀርባው አዝሎ የሚወጣው ጐልማሳ ሁሉ በአንድ መንገድ ይጋፋል። ከሁለቱ በዓላት በቀር ግን ገዳሙ ጸጥ ያለ ነው። ዛሬ የሚታየው የጻድቁ ቤተ ክርስቲያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ሲሆን የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም አለ። መነኮሳቱና መነኮሳይያቱ ከጸሎት በተረፈው ሰዓት እንጨት ይለቅማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ።

«እንጨት ይለቅማሉ» ያልነውን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ አልነው እንጂ «እንጨት ይቈርጣሉ» አላልንም። የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ዛፍ በሕግ ሳይሆን በግዝት የተጠበቀ ነው። የወደቀውን ማንሣት ይቻላል፤ የቆመውን መጣል ግን ነውርም ኃጢአትም ነው። ዘበኛ ቢኖርም ባይኖርም ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ በዐጸዱ አጠገብ ያልፋል እንጂ አይገባም። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የበረረ ሰው ይህን በመስኮት አይቶታል፤ ከታረሰው ቡናማ አገር መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ መካከል የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለነዚሁ ደኖች ሰፊ ምርምር ካደረጉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በደቡብ ጎንደር ያሉትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች አጥንተው በ1999 ዓ.ም. ሆላንድ አገር ከሚገኘው ከዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ አግኝተዋል። ከጥናታቸው ከተገኙት ቁም ነገሮች አንዱ ለዝቋላም የሚሆን ነው፤ ይኸውም ደኑ ቢከበርም ከብት እየገባ ችግኙን የሚረግጠውና የሚግጠው ከሆነ ሽማግሌው ዛፍ ቆሞ ሳለ ልጁ አይበቅልም። ስለዚህ በአንዳንዶቹ ስፍራዎች ሕዝቡ ከየማሳው ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ክቧል። ድንጋዩ ከማሳው መነሣቱ ለገበሬውም ጥቅም ሆነለት።

የዝቋላ ደን ግን የአንድ ደብር ዐጸድ አይደለም፤ ሙሉ የተራራ አናት ነው። ግዝት በቅርብ ያለውን ሰው ይይዛል፤ ሩቅ ያለውን ከሰል ነጋዴ ግን አያውቀውም። ከዚህም ሌላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ገዳማት በርስትና በጕልት የያዙትን መሬት ለቀዋል። የመሬት ሥሪቱ መለወጥ ለአገሩ ጭሰኛ ምን ያህል እፎይታ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ በዚያው ልክ ግን ለገዳማት ይገባ የነበረው ገቢ ተቋረጠና የኑሯቸው መሠረት የምእመናን መባና የእጅ ሥራቸው ሆነ። ደን ጠባቂ መቅጠር፣ አጥር ማጠር፣ የእሳት መከላከያ መንገድ መጥረግ ገንዘብና ጕልበት ይጠይቃል። የደኑ ጠባቂ ተብለው የቀሩት፣ በእኛ አስተያየት፣ በዕድሜ የገፉ መነኮሳትና የግርጌው ገበሬዎች መልካም ፈቃድ ናቸው።

ከመጥረቢያው ይልቅ የሚያስፈራው እሳቱ ነው። በ2000 ዓ.ም. በዝቋላ ደን ላይ እሳት ተነሥቶ ነበር። የዚያ ጠባሳ ገና ሳይሽር በመጋቢት 2004 ዓ.ም. እንደ ገና ተነሣ። ጊዜው በአጋጣሚ አይደለም፤ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ወራት ዝናብ የራቀበት፣ ሣሩ የደረቀበት፣ ነፋስ የሚበረታበት ነው። በዳገት ላይ የተነሣ እሳት ደግሞ ከሜዳው እሳት ይለያል፤ ነበልባሉ ወደ ላይ ሲያዘነብል በፊቱ ያለውን ቅጠል አስቀድሞ እያደረቀ ስለሚሄድ ከሰው ሩጫ ይቀድማል። የጥድና የአስታ ቅጠል ዘይትነት ስላለው ርጥብ ሳለም ይነዳል። ውሃው ከታች በሐይቁ፣ እሳቱ ከላይ በጠርዙ፤ በመካከሉ ባልዲ የተሸከመ ሰው።

በ2004 ዓ.ም. የሆነውን ብዙ የዱከምና የቢሾፍቱ ሰዎች ዛሬም ያስታውሱታል። በቀን ጢሱ፣ በሌሊት ነበልባሉ ከሜዳው ይታይ ነበር። ወሬው እንደ ተሰማ ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ ወጣቶች በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጭነው መጡ፤ የአካባቢው ገበሬም ወጣ። መሣሪያቸው አካፋ፣ ቅጠል፣ አፈርና በጀሪካን የተሸከሙት ውሃ ነበር። እሳቱን የሚያጠፋው በውሃ ብቻ ሳይሆን በፊቱ ያለውን ሣርና ቍጥቋጦ እየመነጠሩ ምግቡን በማሳጣት መሆኑን የማያውቅ የከተማ ልጅ እዚያው ከገበሬው ተማረ። በዚያው ወራት በሐረርጌ መንገድ ያለው የአሰቦት ገዳም ደንም ይነድ ነበርና የሰዉ ሐሳብ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እንዲህ ያለው መከራ በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም፤ 20 ገዳማት ባሉበት በግሪክ አገር የአቶስ ተራራም በነሐሴ 1982 ዓ.ም. የተነሣው እሳት ለብዙ ቀናት ደኑን በልቷል። ልዩነቱ እነርሱ ከባሕር ውሃ የሚቀዳ አውሮፕላን አላቸው፤ በዝቋላ የወጣው ሰው ነው። የወጣው ሰው ክርስቲያንና እስላም፣ አማራና ኦሮሞ ተብሎ ሳይለይ መውጣቱን ግን ሳናነሣ አናልፍም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ለመጻፍ የሚከብድ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ አባቶች ታጣቂዎች ከወሰዷቸው በኋላ ተገድለው ተገኙ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ቅዱስ ሲኖዶስ ባለበት ከተማ ለቅሶ ሆነ፤ በዱከምና በቢሾፍቱም የአቦ ማኅበር ጠጪዎች ጽዋቸውን ይዘው አለቀሱ። መሣሪያ በሌለው ሽማግሌ መነኵሴ ላይ የሚነሣ እጅ ምን ጥቅም እንደሚያገኝ እኛ ልንረዳው አልቻልንም። መነኵሴ ሲሞት ገዳሙ የሚያጣው የአንድ ሰው ጸሎት ብቻ አይደለም። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይነጥፍ፣ እሳት ሲነሣ በየትኛው ገደል በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው ጥድ በማን አባት ዘመን እንደ ተተከለ የሚያውቅ ሰውም ያጣል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከአረጋዊው ወደ ረድኡ የሚተላለፈው አብረው እንጨት ሲለቅሙ ነው። ረድእ ለመሆን የሚመጣ ወጣት ደግሞ መንገዱ ሲያስፈራው ይቀራል።

ሐይቁም የደኑ ነገር ይመለከተዋል። ዝቋላ በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ተራራ ስለ ሆነ ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ የለም፤ ሐይቁ የሚኖረው በአፉ ውስጥ በሚወርደው ዝናብ ነው። ዛፍ በለበሰው ግድግዳ ላይ የወረደው ዝናብ በቅጠሉና በሥሩ እየተጣራ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዛፉ ከተቃጠለ ግን ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ አፈሩም መውጫ ስለሌለው ከዓመት ወደ ዓመት ሐይቁን ይሞላዋል። ጠበሉን በጀሪካን ቀድቶ የሚወርደው ምእመን ደኑን ከሐይቁ ለይቶ ሊያየው አይችልም።

በጠርዙ ላይ ስንዞር አንድ አባት እሳቱ ያለፈበትን ቦታ በበትራቸው አመለከቱን። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ስለሆነ ያገገመ ይመስላል። ቀርበን ስናየው ግን የበቀለው አስታ ነው። አስታ ከላይ ቢነድም ሥሩ ከመሬት ውስጥ ተርፎ በቀጣዩ ዝናብ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ጥድ እንዲህ አይደለም፤ አንዴ ከተቃጠለ ከሥሩ አይመለስም። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን መጣል፣ ዘሩ በጥላ ሥር መብቀል፣ ችግኙም ለብዙ ዓመት ከከብት ጥርስ መትረፍ አለበት። በአስታው መካከል ጐንበስ ብለን ስንፈልግ ከጕልበት የማያልፉ የጥድ ችግኞች አገኘን፤ አንዳንዶቹ አናታቸው ተግጧል። አባታችን ካልተነኩት በአንዱ ዙሪያ ሦስት ድንጋዮች አኑረው፣ ለከብት እንዳይመች የቀጋ እሾህ ደረቡበትና ወደ ሌላው አለፉ።